ሁለት ቀለም በአንድ ቦይ

በላይነሽ ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቷን ያቋረጠችው እናቷ ስለታመሙ ነው። ከዚያ ወዲያ ቦንጋ ውስጥ ያልሞከረችው ሥራ የለም። መጨረሻ ላይ በጋሽ ከፈለኝ ማህተምና ሰሌዳ መሥሪያ ሱቅ ተቀጠረች። በጨረር የሚቆርጥ የቻይና ማሽን ሲመጣ ሌላው ሰው ፈራው፤ እሷ ለመደችው። ጨረሩ ፕላስቲኩን ፊደል እያስመሰለ ሲልሰው ማየት ደስ ይላት ነበር።

የቦንጋ ነጋዴ ግን በብሩሽ የተጻፈ ሰሌዳ አይለቅም። ማሽኑ ሥራ ፈታ። ሻፊ የሚባሉ የጅማ ነጋዴ ቅዳሜ ሊወስዱት ከጋሽ ከፈለኝ ጋር ተስማሙ። ማሽኑ ከሄደ እሷም ሺሺንዳ ገበያ ሽንኩርት ልትቸረችር ነው።

ዓርብ ዕለት አዲስ ከተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ልዑልቃል የሚባል ወጣት መምህር መጣ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ከክር የቀጠነ ቦይ ይቆርጡልኛል? ሁለት አፍ ያለው፣ መሐል ላይ የሚገናኝ።»

«ምን ሊያልፍበት? ጉንዳን?»

«ውሃ። ሁለት ቀለም ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ሲሄድ ተማሪዎቼን ላሳያቸው። ከሠራ ለየቡድኑ አዛለሁ፤ በየሴሚስተሩ።»

«በየሴሚስተሩ» ሲል ወንበሯን ወደ ማሽኑ ሳበች።

መጀመሪያ ጨረሩ በርትቶ ፕላስቲኩን በስቶ አለፈ። ኃይሉን ስትቀንሰው የሚያምር ቦይ ወጣ። ክዳኑን ግን ፊደል እንደምትለጥፍበት ልማዷ በመርፌ ክሎሮፎርም ጠብ አድርጋ አጣበቀችው። ክሎሮፎርም የሚያጣብቀው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው፤ ቦዩንም አቅልጦ ደፈነው።

«ወይ እኔ! የበር ሰሌዳ መሰለኝ እኮ!»

«በስኮች ብንሸፍነውስ?» አለ መምህሩ።

መሸፈኑስ ባልከፋ፤ ጥርት ያለው ፕላስቲክ አልቋል።

ቅዳሜ ጠዋት ከዚያው ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠራውን የሱቁን የራሱን ሰሌዳ ከበሩ ፈታች። ከባዶው ጠርዝ ቆርጣ ቦዩን አወጣች፤ ስኮቹንም በመታወቂያዋ ጠርዝ እየዳጠች አረፋ ሳይቀርበት ለጠፈችው። ጋሽ ከፈለኝ ከሻፊ ጋር የደረሱት ይሄኔ ነው።

«በላይነሽ! ስሜን የት አደረስሽው?»

«ስምዎ ደህና ነው ጋሼ፤ የቆረጥኩት ከስሩ ነው።»

«የባለቤቱን ሰሌዳ የሚበላ ማሽን ነው እንዴ የሚሸጡልኝ?» አሉ ሻፊ።

በማለዳ ተመልሶ የመጣው መምህር የማህተም ቀለም በውሃ አቅጥኖ በአንዱ አፍ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠብ አደረገ። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ በመርፌ ቀስ ብሎ ሳበ። ቀዩ መጣ፣ ሰማያዊው መጣ፣ መሐል ላይ ተገናኙ። አልተደባለቁም። እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት በአንድ መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ።

ጋሽ ከፈለኝ መነጽራቸው እስኪወድቅ አጎነበሱ።

«አይነካኩም?»

«በዚህች አጭር መንገድ አይደባለቁም» አለ መምህሩ። «ለየተማሪው ቡድን አንዳንድ አዛለሁ፤ በየሴሚስተሩ።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ሻፊም «እኔም ልይ እንጂ!» እያሉ በክርናቸው ገፏቸው። በላይነሽ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ።

«በሉ እንጫነው፤ መኪናዋ ቆማለች» አሉ ሻፊ።

«ምኑን?»

«ማሽኑን ነዋ!»

«እሱማ ሥራ ይዟል» አሉ ጋሽ ከፈለኝ፣ ቀና ሳይሉ። «መምህር፣ ስንት ቡድን ነው ያለህ?»

ሻፊ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ይቺን ባለቦይ ፕላስቲክ እንኳ ስጡኝ፤ ልጄን ላሳያት።»

«እሷ የተማሪዎቹ ናት» አለች በላይነሽ፣ ማሽኑን እያስነሣች። «ለልጅዎ ሌላ እቆርጥላታለሁ፤ አረፍ ይበሉ።»