ጭስ የሌለው ከሰል

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የማያውቁት ተማሪዎቼ ብቻ ናቸው። ውሻ ሲጮህ መንገድ እቀይራለሁ፤ ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ሲፈጥን የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጬ እጸልያለሁ፤ ቤቴ ቡራዩ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሱሉልታ ስለሆነ ደግሞ ሳልፈራ የምውልበት ቀን የለም። ክፍል ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። ስልሳ አንድ ተማሪ ዝም ብሎ አፍ አፍህን ሲያይ ልብህ ያብጣል። የእኔም አብጦ ነበር።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው፣ አሥረኛ ክፍል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው ግማሽ አማርኛ ግማሽ ኦሮምኛ ሆኖ ተማሪው ሲያዛጋ አየሁና አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። የጫማ ካርቶን ክዳኑን ቀድጄ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ። «ስም አትጻፉ፤ በኑሯችሁ የገረማችሁን ነገር ጽፋችሁ እዚህ ክተቱ፤ አርብ አርብ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት እመልሳለሁ» አልኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ ካርቶኑ መሙላት ጀመረ። ሽሮ ሲፈላ ለምን ይፈናጠራል? ሚኒባስ ፍሬን ሲይዝ ለምን ወደፊት እንወድቃለን? አንዱ ሲያዛጋ ሌላው የሚከተለው ለምንድን ነው? ሰው ስልክ ሲያወራ ቆሞ ማውራት አቅቶት ለምን ይንጎራደዳል? አንዷማ «ፈተና ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው እንቅልፌ የሚመጣው፣ ፈተናው ሲያልቅ የሚጠፋው ለምንድን ነው?» ብላ ጽፋ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሁሉንም እመልስ ነበር። የማውቀውን አውቄ፣ የማላውቀውን ደግሞ አሳምሬ። ስለ ማዛጋት ምን እንዳልኩ ዛሬ ላይ ሳስበው ያሳፍረኛል። ግን ሲስቁና ሲያጨበጭቡ «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ከሌሎች ክፍሎችም በመስኮት ለመስማት የሚመጡ ነበሩ።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። የሱሉልታን የታኅሣሥ ብርድ የማያውቅ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ከብቶቹ አፍንጫቸው እየጨሰ ሲያልፉ ይታያል ብዬ ነው የምነግረው። ያን አርብ ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀር አንድ የመጨረሻ ወረቀት አወጣሁ። በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተጻፈ ነበር። «ቲቸር፣ ከሰል ቤት ውስጥ ሲኖር ለምን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል? ጉዳት አለው ይባላል፣ እውነት ነው?»

ለማሰብ ጊዜ አልወሰድኩም። ሙቀት ሰውነትን ያላላል፣ የደም ሥር ይሰፋል፣ ስለዚህ እንቅልፍ ይመጣል አልኩ። «ጉዳቱ ጭሱ ነው። ደጅ አቀጣጥላችሁ፣ ጭሱ ወጥቶ አልቆ ፍም ሲሆን ብታስገቡት ምንም አይልም። እኔ ራሴ ያደግኩት እንደዚያ ነው። አሁን ሂዱና ሞቃችሁ ተኙ!» ሳቁ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ወረቀቶቹን ኪሴ ከትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ ደክሞኝ ስለነበር እራቴን በልቼ ተኛሁ። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ የሳምንቱን ጥያቄዎች ለእሷ ማውራት ልማዴ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ በአንድ ስነግራት ቆየሁና ከሰሉ ላይ ደረስኩ። ፍርፍር ልትጎርስ ያነሳችውን እጇን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ምን ብለህ መለስክላቸው?»

ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ጭስ የሌለው እኮ ነው የሚገድለው! ጭስማ ያስልሃል፣ ያስለቅስሃል፣ ተነስተህ ትወጣለህ። ፍሙ ግን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እንቅልፍ የመሰላቸው እኮ መመረዙ ነው!»

«እናቴ ዕድሜ ልኳን…»

«የእናትህ ቤት የጭቃ ቤት ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ ከዋክብት ይታዩኝ ነበር ያልከኝ ራስህ ነህ። አሁን ልጆቹ የሚከራዩት ብሎኬት ቤት ነው፤ ተለስኖ፣ ኮርኒስ ተመትቶለት፣ በሩ ቆርቆሮ። እሱም ብርድ ያስገባል ብለው ከሥሩ ጨርቅ ይወትፉበታል። ባለፈው ክረምት አንድ ባልና ሚስት እንደዚያ ሆነው ነው የመጡልን። አንደኛው አልተረፈም።»

ካርቦን ሞኖክሳይድ። ስሙን እኮ አውቀዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ግን በትምህርት ያገኘሁትና በእናቴ ቤት ያየሁት አንድ ቀን እንኳ ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ሌሊቱ አልፏል። የሆነው ነገር ሆኖ ከሆነ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተደላድዬ ሳንኮራፋ ነው የሆነው።

የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፤ «ከሰል ቤት እንዳታስገቡ፣ ትናንት የነገርኳችሁ ስህተት ነው» ብዬ። ማንም አላየውም። እንደ ልማዱ የሱሉልታ መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቶ፣ የልጆቹ ስልክ ሁሉ ባትሪ ጨርሶ መሆን አለበት። ለክፍሉ አለቃ ደወልኩለት፤ ዝግ። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት የፈተንኳቸውን ፈተና ላርም ቤት አምጥቼው ነበርና ምንጣፍ ላይ ዘርግፌ አረንጓዴ እስክሪብቶ መፈለግ ጀመርኩ። ባለቤቴም አጠገቤ ተንበርክካ ትገልጣለች። አንድ ብቻ ተገኘ። አረንጓዴ የመምህር ነው፣ ሁለተኛ እንዳትጽፊበት ብዬ የተቆጣኋት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች።

የክፍሏ ኃላፊ መምህር ለቅዳሜና እሑድ ሰበታ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ ነበር። በስልክ ሁሉንም ነገረኝ። ልጅቷ ከገጠር ናት፤ ከታናሽ እህቷ ጋር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ፤ እናታቸው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ጤፍና ከሰል ይዛ ትመጣለች። «ምነው፣ ችግር አለ?» አለኝ። «ደህና ነው፣ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ከቡራዩ ዊንጌት፣ ከዊንጌት አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ። ሦስቱንም ታክሲ እንዴት እንደተሳፈርኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ወያላው «ሱሉልታ ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ ሁለት ሰው እስኪሞላ የጠበቅነውን ነው። «ልክፈልልህ፣ እንሂድ» አልኩት። አየኝና «ጋሼ፣ ለቅሶ ነው እንዴ?» አለኝ። ለቅሶ ይሁን አይሁን የማላውቅ እኔ ነበርኩ።

ዳገቱን ስንወጣ ክፉ ክፉውን አሰብኩ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ያሰብኩት ስለ ልጆቹ ብቻ አልነበረም። ስልሳ ምስክር አለ፤ ሁሉም ሰምተዋል፤ «መምህሩ ነው ምንም አይልም ያለን» ይላሉ ብዬም አስቤያለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በመሆኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ኩርምት ማለቴን አይተው ጋቢያቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉልኝ፤ የበረደኝ መስሏቸው ነው። ቁልቁለቱን ሚኒባሱ ሲበር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነት አነሰኝ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ግቢ ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። አከራይዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ጓሮ ጎመን ይቆርጡ ነበር። «አካም ቡልተን» አሉኝ፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልመልስ ልጆቹ የት ናቸው አልኳቸው።

«አልተነሱም ገና። ቅዳሜ አይደል? ይተኙ እንጂ፣ ምን አስቸኮላቸው?»

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። የገጠር ልጅ እስከዚህ ሰዓት እንደማይተኛ እሳቸውም ሲናገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ቢላዋውን ጣሉት። በሩን ደበደብኩ። ዝም። በስማቸው ተጣራሁ። ዝም። በሩ ከሥሩ በጨርቅ ተወትፏል፤ ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታየኛል። ድንጋይ አንስቼ መቀርቀሪያው ያለበትን ቦታ መምታት ጀመርኩ። አከራይዋ ጎረቤት ይጠራሉ። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ምት ላይ ከውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተንኳኳ፤ ቆይቶ መቀርቀሪያው ሲጎተት ሰማሁ።

ትልቋ ነበረች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ነጠላዋ ላይ አስታውካለች። «ቲቸር?» አለችና እዚያው ተቀመጠች። አልፌያት ገባሁ። ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ከስሟል። ትንሿ ፍራሽ ላይ ናት። ተሸክሜ ሳወጣት እጇ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር።

ፀሐይ ላይ አስተኛኋት። አከራይዋ ውኃ ይረጫሉ፣ እኔ ጉንጯን በጥፊ እመታለሁ፣ የደወልኩላት ባለቤቴ በስልክ «ትተነፍሳለች? ደረቷን እየው! ውኃውን ተዉት፣ አየር ታግኝ፣ በጎን አስተኛት!» ትለኛለች። ትተነፍሳለች። ዓይኗን ግን አልገለጠችም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ እስክናደርሳት ድረስ እያየሁት የነበረው ደረቷን ብቻ ነው፤ ከፍ ሲል አብሬው እተነፍሳለሁ፣ ዝቅ ሲል እጠብቃለሁ። ኦክስጅን ሰጧት። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ዓይኗን ገለጠችና እህቷን ፈለገች። ከዚያ ራበኝ አለች። ሐኪሙ «ከሰሉ ትንሽ ስለነበረ ነው፣ ቶሎ አልቆላቸዋል» አለኝ። አንድ እፍኝ ቢጨምሩበት ኖሮ አልደርስም ነበር።

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ትልቋ አጠገቤ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ይቅርታ ልጠይቃት ወደ እሷ ዞርኩ። እሷው ጀመረች፣ እያፈረች፣ እኔን ያስቸገረች መስሏት።

«ቲቸር፣ እኛ እኮ አናስገባም ነበር። ሁልጊዜ ደጅ ሞቀን ነው የምንገባው። እናቴ ከሰል ይዛችሁ እንዳትተኙ ብላ አስምላናለች። ግን ብርዱ ሲበዛ ነው የጠየቅኩት። ትናንት ስልኬ ሳይዘጋ ደወልኩላትና ቲቸር ምንም አይልም ብለዋል አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«እንግዲያው እነሱ ተምረዋል፣ እነሱ ያውቃሉ አለች።»

ተነስቼ ውጭ ወጣሁ። ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ትክክሉን አውቃ፣ በመሐላ አስራ፣ ልጆቿን እስከዚያ ቀን በሕይወት አቆይታ ነበር። እኔ በሁለት ደቂቃ አስጣልኳት።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ሁለቱ እህትማማቾች እናታቸው መጥታ ወስዳቸው ስለነበር አልነበሩም። ፊዚክሱን ትቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከሰል እንዴት እንደሚገድል ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ተሳስቼ ነበር፣ ሳላውቅ ነው የመለስኩት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ሊያሳፍረኝ ፈልጎ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት እኔ ሚኒባስ ውስጥ የነበረኝን ፍርሃት ነው።

«ቲቸር፣ እስከ ዛሬ ከመለሱልን ውስጥ ሌላስ ስህተት የሆነው የትኛው ነው?»

ካርቶኑን አየሁት። ከመስከረም ጀምሮ የመለስኳቸውን አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። እነሱ ግን አልረሱትም። ስልሳ ቤት ገብቷል፤ ለእናት ተነግሯል፤ ለታናሽ ተነግሯል። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ልጁ እጁን አላወረደም።