አንዱ ብቻ የሚሮጥበት ቡድን

አባቴ ኳስ እንደማልችል የነገረኝ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ቢቸና ሜዳ ላይ የከተማው ቡድን ልምምድ ሊጀምር ሲል፣ ማሊያ ለብሼ ሄድኩና ከልጆቹ ጋር ተሰለፍኩ። አሰልጣኙ እሱ ነው። ፊሽካውን ከአፉ አወጣና «አንተ ውጣ። እግርህ እንጨት ነው። ሂድና ጥና» አለኝ። ልጆቹ አውካኩ። እኔም ወጣሁ፤ ጥናቱን ግን ማን ያጠናዋል! ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አስራ አንድ ቁጥር ሲሮጥ እያየሁ በቅናት ስንገበገብ ዋልኩ።

አባቴ ተጫዋቾቹን በስም አይጠራም፤ በማሊያ ቁጥራቸው ነው። «ሁለት፣ ዝጋ! ስድስት፣ ተኝተህ ነው?» እያለ ሜዳውን ያናውጠዋል። አስራ አንድ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይለሰልሳል። ልጁ የግራ መስመር ተጫዋቹ ነው፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፉ ከሳቅ የማይከደን። በኋላ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። አባቴ መናኸሪያ እየወጣ ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሹፌርና ነጋዴ ባገኘ ቁጥር ስለ አስራ አንድ እንደጠየቀ ኖረ። እኔ ባህር ዳር ስማር ግን አንድ ቀን እንኳ «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ ሰው አልጠየቀም። አልጠየቀም! ይኸን ስናገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዓመታት አልፈው፣ እኔ እዚያው መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል ቤት ከፍቼ በሚሞሪ ዘፈን እየጫንኩ ሳለሁ፣ አባቴን ግማሽ ጎኑን መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አንደበቱም ተዘጋ። ይኸን ሁሉ በቻልነው። ያልቻልነው ዐይኑን ነው። ያየናል፤ ግን አያውቀንም። የእናቴን እጅ እንኳ ሳይለይ አልቀረም፣ ስታጎርሰው አፉን ይከፍትላታል። እኔ ፊቱ ስቆም ግን ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያይ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

ግድግዳውን ያያል።

«አባባ፣ እየው፣ ልጅህ ነኝ እኮ።»

ውጪ ወጥቼ በር ላይ ያለውን ባልዲ በእግሬ እለጋዋለሁ። እግሬ እንጨት ስለሆነ ባልዲውም አይርቅም።

ጠበሉም ተሞከረ። ባህር ዳር ወስደነውም ነበር፤ ሐኪሙ ከአባቴ ራቅ አድርጎ አቆመንና «ይወደው የነበረውን ነገር አሳዩት፤ እንዲህ ያሉ በሽተኞች አንዳንዴ ይመለሳሉ። ልቡ ግን ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ ያለው አይመስለኝም» አለን። እናቴ መንገዱን ሙሉ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ስታለቅስ መጣች። እኔ አላለቀስኩም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልግ፤ ሳይሞት አንድ ጊዜ ለይቶኝ እንዲጠራኝ። ስድብም ይሁን። «እግርህ እንጨት ነው» ይበለኝ፣ ብቻ እኔ መሆኔን አውቆ ይበለኝ።

ይወደው የነበረው ኳስ ነው። በሬዲዮ የሚተላለፍ ጨዋታ ከፈትኩለት፣ አልሰማም። በሞባይል ጎል አሳየሁት፣ ዐይኑን ጨፈነ። እንዲህ ሲጨንቀኝ ላፕቶፔ ላይ ያለው ጨዋታ ትዝ አለኝ። ባህር ዳር ያለ ጓደኛዬ በፍላሽ የገለበጠልኝ ነው። በዚህ ጨዋታ ኳስ አትመታም፤ አሰልጣኝ ነህ። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚሮጥ፣ ኳስ በየት በኩል እንደሚወጣ ትነግራቸውና ቁጭ ብለህ ታያለህ። ተጫዋቾቹ መልክ የላቸውም፤ አረንጓዴ ሜዳ ላይ የሚሯሯጡ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ክብ ክብ ነገሮች ናቸው። ከፍቼ አየሁት። ቆርኪ ናቸው! አባቴ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ሰብስቦ፣ በቀለም ቁጥር ጽፎባቸው፣ ጠረጴዛ ላይ በጣቱ እየገፋ ነበር ቡድኑን የሚያስተምር። ቆርኪዎቹ አሁን የሉም፤ እናቴ ቤት ስታጸዳ ጥላቸዋለች። እነዚህ ግን ያለ ጣት ይሄዳሉ።

ሞጣን ሞጣ ላይ ያሸነፍንበትን ጨዋታ ልሠራለት ወሰንኩ። ከዚያ በፊት የቢቸና ቡድን ሞጣ ሄዶ ተሸንፎ እንጂ ሌላ ነገር ይዞ ተመልሶ አያውቅም። ያን ቀን የአባቴ ሠርግ በሉት። እኔ ልጅ ስለነበርኩ አልወሰዱኝም፤ ሲመለሱ የጭነት መኪናው ላይ ቆመው ሲጨፍሩ ብቻ ነው ያየሁ።

ጨዋታው ውስጥ ቢቸናም የለችም፣ ሞጣም የለችም። እንግሊዝ አገር ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አንድ የታችኛ ዲቪዚዮን ክለብ አፈረስኩና ቢቸና አደረግሁት፤ ተቀናቃኙን ደግሞ ሞጣ። ባለቤቶቹ ይቅር ይበሉኝ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ከዚያ የድሮ ተጫዋቾቹን እየዞርኩ ጠየቅሁ። ስድስት ቁጥር፣ አሁን አስተማሪ የሆነው፣ «አራት፣ አራት፣ ሁለት ነበርን» አለኝ። በረኛው «ኧረ ወዲያ! አምስት ተከላካይ ነበረን፤ ከፊቴ ማን እንደቆመ እኔ አላውቅም?» አለ። ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር ነው፤ «በግራ ነው የገደልናት።» እንዴት ስል «አባትህ ቁሙ አለን፣ ቆምን» ይሉኛል። ይኼ ምን ታክቲክ ነው? ለምን ብለው አልጠየቁም፤ አባቴን ለምን ብሎ የጠየቀ ማሊያውን አውልቆ ነው የሚሄድ።

አባቴን በትራስ ደግፌ ላፕቶፑን ሆዱ ላይ አስቀመጥኩና አስጀመርኩት። ሞጣ ሦስት ለባዶ። ቦታ ቀያየርኩ፤ አራት ለአንድ። ዲኤስቲቪ ቤት የማየው አንድ ትልቅ የአውሮፓ ቡድን አለ፣ አስራ አንዱም እንደ ንብ እየተረባረቡ ኳስ የሚቀሙ። የእነሱን አጨዋወት አስገባሁ፤ እሱማ ጭራሽ ውርደት ሆነ። አባቴ መስኮቱን ያያል። ዝንብ ግንባሩ ላይ ታርፋለች፣ እኔ አባርራለሁ፣ እሱ መስኮቱን ያያል። መብራት ይጠፋል፣ ላፕቶፑም ባትሪው የሞተ ነውና አብሮ ይጠፋል፤ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው።

አንድ ቀን ስድስት ጎል ሲገባብን ላፕቶፑን በቡጢ መታሁት። «ይኸ የእንግሊዝ ኮተት!»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ልጄ፣ አታድክመው። ድሮም ከእኔ የወሰደው ኳስ ነው፤ አሁን ደግሞ አንተን ሊያሳብድብኝ ነው?»

«እማ፣ ተይኝ! ሌላ ምን ቀረኝ?»

«እህል መተው ጀምሯል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ አፉን አልከፈተልኝም።»

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። የነፍስ አባቱ መጥተው ጸሎት አደረሱለትና ሲወጡ ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ ሞጣ ሄድኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የኛዎቹ ለምን እንዳሸነፉ ካላወቁ፣ የተሸነፈው ያውቅ ይሆናል። ሚኒባሱ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈነዳበት። አቧራ ላይ ቆሜ «ይኼኔ ሞቶ ይሆናል» እያልኩ ጥፍሬን በላሁት።

የምፈልገው የያኔውን የሞጣ ቀኝ ተከላካይ ነው፤ አስራ አንድ ቁጥርን ይዞ የዋለውን ሰው። አሁን ወፍጮ ቤት አለው። ዱቄት ለብሶ ከሞተሩ ጩኸት ወጣና ማን እንደሆንኩ ስነግረው አቀፈኝ፤ እኔም ነጭ ሆንኩ።

«አባትህ!» አለ። «እኔን ከኳስ ያስወጣኝ አባትህ አይደለም? ከዚያ ቀን በኋላ ጫማዬን ሰቀልኩ።»

«እንዴት ነው ያሸነፏችሁ? እባክዎ ይንገሩኝ። ታሟል፤ ሰው አይለይም።»

ፊቱ ጠቆረ። ዱቄት ከረጢት ላይ አስቀመጠኝና እሱም ተቀመጠ።

«ጨዋታው ሁዳዴ ላይ ነው የዋለ። እኛ በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ወጥተን፣ ጭብጥ ቆሎ ቀምሰን፣ በአስር ሰዓት ሜዳ ገባን። ያንተዎቹም እንደኛው ጾመኛ ናቸው። አንድ ልጅ ሲቀር። ያ የግራ መስመሩ፣ ሙስሊሙ ልጅ፤ ቁርሱንም ምሳውንም ጥርግ አድርጎ በልቷል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል አባትህ ለሌሎቹ ‹ቁሙ› ብቻ ነው ያላቸው። ያንን ልጅ ጠርቶ ራሱን ዳበስ አደረገና ‹በልተሃል?› አለው። አጠገባቸው ነበርኩ። ምን ያለ ደግ ሰው ነው አልኩ በልቤ።»

ሳቅ ሊል ሞከረና ተወው።

«ከዚያ አስሩ ቆሙ፤ አንድ እርምጃ አልሮጡም። ኳስ ባገኙ ቁጥር ለዚያ ልጅ። እሱ ይሮጣል፣ እኔ እከተላለሁ፤ እሱ ይሮጣል፣ እኔ እከተላለሁ። ከዕረፍት በኋላ ዐይኔ ጨለመ። ያኔ ነው ‹በልተሃል?› ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ። እኛም እኮ ሁለት ሙስሊም ልጆች ነበሩን! የኛ አሰልጣኝ አንዱን በረኛ፣ አንዱን መሀል ተከላካይ አድርጎ ምሳቸውን በከንቱ አስቀረው።»

ስነሳ እጄን ይዞ «ለአባትህ ንገረው፤ የሞጣው ሁለት ቁጥር እግዜር ይማርህ ብሎሃል በለው» አለኝ። እሺ አልኩ። ማን ሰምቶኝ!

ቤት ስደርስ በሕይወት አለ። ትንፋሹ ግን አጥሯል፤ እናቴ በጥጥ ከንፈሩን ታረጥበዋለች። እህል በአፌ ሳይዞር ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጨዋታው ጾም አያውቅም፤ ላሳውቀው ነው። የቢቸናን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እየከፈትኩ የአስሩን ጉልበት ወደታች አወረድኩት። የሞጣዎቹንም እንዲሁ፣ ከበረኛውና ከመሀል ተከላካዩ በቀር። የአስራ አንድ ቁጥርን ጉልበትና ፍጥነት ጣሪያ አስነካሁት። አስሩን «ቁሙ» አልኳቸው። ኳስ ሁሉ ወደ ግራ፣ ለአስራ አንድ። «መብራቱን አደራ፣ እመቤቴ» እያልኩ አባቴን ቀና አደረግሁትና አስጀመርኩት።

አስሩ ክቦች ቆሙ። አንዱ በግራ መስመር ሄደ። ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። የሞጣው ሁለት ቁጥር ይከተለዋል፣ ይቀራል። አባቴን አላየሁም፤ ፈርቼ። ብርድ ልብሱ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ነው ዞር ያልኩ። የግራ እጁ አመልካች ጣት ነበር። ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ወደፊት ይገፋል፤ ቆርኪ እንደሚገፋ።

«እማ!» አልኩ። መጣች።

ጣቱ ቆመ። እጁ ተነሳና እጅጌዬን ያዘኝ።

«አስራ... አንድ» አለ።

ስክሪኑን የሚያነብ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የሚያየው እኔን ነው። ያ ከግድግዳው ያልወረደ ዐይን ፊቴ ላይ ነበር፤ ሞቆ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «ልጅህ ነኝ፣ አባባ። እኔ።»

ጣቶቹ ላሉ። ዐይኑ ከፊቴ ላይ ተነቅሎ ወደ ግድግዳው መሄድ ጀመረ። ወይኔ! በገዛ አፌ መልሼ ላኩት።

«አቤት በለው!» አለች እናቴ ጀርባዬን በጡጫ እየመታች። «ምን አባክ ትጠብቃለህ፣ አቤት በለው!»

እኔ አባቴን ጋሼ ብዬው አላውቅም። ጋሼ የሚሉት ተጫዋቾቹ ነበሩ።

«አቤት፣ ጋሼ» አልኩ።

ዐይኑ ተመለሰ።

«የት... ጠፋህ?»

«መጣሁ፣ ጋሼ። ይኸው መጥቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ቆየሁብዎት።»

እጁን ሊያነሳ ታገለ። ጎንበስ አልኩለትና ራሴን ዳበሰኝ፤ እጁ ሲወርድ እጅጌዬን መልሶ ያዘ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ አንድ በአንድ እያወጣ፣ ጠየቀኝ።

«በልተሃል?»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ በጉሮሮዬ አልወረደም።

«በልቻለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። «ጠግቤ ነው የመጣሁ።»

«እንግዲያ ሩጥ» አለኝ፤ እጅጌዬን ግን አልለቀቀም።