ለእህቴ ያቆየሁት መርዶ

እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደውልልኝ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ጫማዬን እየቀየርኩ ነበር። የምሠራው ላስ ቬጋስ፣ ስትሪፕ የሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካለ አንድ ካዚኖ ነው፤ የሆቴሉን ክፍሎች አጸዳለሁ። ድምፅዋ አዲስ ሆነብኝ። እኔ የማውቀው የአራት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ናዝሬት እያለን፣ አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን ለጉዲፈቻ ስትሰጣት እሷ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። ትንሽ ልጅ ነበር የሚፈልጉት፤ እኔ ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም የምችለው ቀረሁ። እሷን አሜሪካ፣ ኦሪገን ያሉ ፈረንጆች አሳደጓት። አድጋ የልጅነት ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጠፈች፣ የድሮ ጎረቤታችን አየችው፣ ስልኬን ሰጠቻት።

"እህቴ ነሽ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። አዎ አልኳት። ተላቀስን። ትንሽ ቆይታ "እናቴስ አለች?" አለችኝ።

እናታችን ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር።

"ደህና ናት" አልኩ።

ይህን ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሚረዳው ቤቱ ሆኖ፣ በማለዳ፣ ዘመድና ትልልቅ ሰው ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው አጠገቡ እያለ ነው። አጠገቧ ማን እንዳለ ሳላውቅ "እናትሽ ሞታለች" ብዬ ስልኩን ልዝጋባት? እኔም ራሴ የተረዳሁት እንደዚሁ ነው። እዚሁ ቬጋስ፣ ዘመድ ሁሉ "ተኝታለች"፣ "ጎረቤት ሄዳለች" እያለ ሳምንታት ሲያታልለኝ ከርሞ ነው። ያኔ አንድ ሰው ሳይቀረኝ ሁሉንም ረግሜያለሁ። የረገምኩበትን ነገር ግን ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን ሳላሽ አደረግሁት።

ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ነርስ ናት፤ ሺፍቷ አልመች ብሎ ወራት አለፉ። በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ አገናኚኝ ትለኛለች። ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ጠበል ገብታለች እላታለሁ። እናቴ በሕይወት እያለች ያን ያህል ጠበል ገብታ አታውቅም። እህቴ ስለ ጠበል ኢንተርኔት ላይ አንብባ "ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል? ወፍራም ፒጃማ ልግዛላት?" አለችኝ። እኔ ነኝ ያለ ሳቅ ሳቅኩ፤ ስልኩን እንደዘጋሁ ግን የመኪናዬ መሪ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ይባስ ብላ አማርኛ መማር ጀመረች። "እማዬ፣ እወድሻለሁ። እማዬ፣ አልተቀየምኩሽም" እያለች ድምፅዋን ቀድታ ትልክልኛለች። አሰሚያት ትለኛለች። አሰማኋት እላለሁ። "ምን አለች?" ትለኛለች። "አለቀሰች" እላለሁ።

በመጨረሻ ፈቃድ አግኝታ ልትመጣ ሆነ። እኔም በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው ወደ መጡትና እዚህ ላለነው ሐበሾች ሁሉ እናት ወደ ሆኑት እትዬ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ዘርግፌ ነገርኳቸው። ብዙ ሰው ያረዱ ሴት ናቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ይቺ ልጅ እኮ ያደገችው በፈረንጅ ወግ ነው። ቁጭ አድርገሽ ብቻሽን ብትነግሪያት አይሻልም?" አሉኝ።

"እትዬ፣ እርስዎም እንዲህ ይላሉ? ወግ ሊቀርባት ነው?" ብዬ ድርቅ አልኩ። እንደ አገሯ ልጅ በወጉ ላስረዳት ፈልጌ ነው አልኩ። ብቻዬን ዓይኗን ማየት ስለፈራሁ እንደሆነ ግን ለእሳቸውም ለራሴም አልነገርኩም።

እህቴ ዊንቸስተር ሰፈር ያለችው ባለ አንድ ክፍል አፓርታማዬ የገባች ዕለት ሻንጣዋን ከፍታ ፒጃማውን አሳየችኝ። ለእናታችን የገዛችው ነው፤ ሰማያዊ፣ ውስጡ ጠጉር ያለው። "ይበቃታል?" አለችኝ። ይበቃታል አልኩ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ገቡ፤ ከሺፍት በቀጥታ የመጡት ደግሞ ከነዩኒፎርማቸው። አንዷ በሹክሹክታ "ቆይ፣ ገስት ፓርኪንግ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ቶው አድርገው አይወስዱብኝም?" ትለኛለች። እህቴ ሶፋው ላይ ብርድ ልብሷን ታቅፋ ተነስታ ተቀመጠች። "እሳት ተነሳ?" አለችኝ።

እትዬ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዙ፤ እንዲገባት እንግሊዝኛ ቀላቅለው "የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። ማዘርሽ ፓስ አድርጋለች" አሏት።

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እኔስ? ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቀው ሰው ከሁሉም በላይ ጮህኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ ምንጣፉ ላይ ወደቅሁ። ሴቶቹ ተረባርበው ያዙኝ፣ ውሃ አመጡልኝ። የሚያዘው የወደቀ ነው፤ እህቴ አልወደቀችም፣ አላለቀሰችምም። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ለሷ ተጠርቶ እኔን አቅፎ ሲያባብል እሷ ሶፋው ላይ ብቻዋን ቀረች።

"መቼ?" አለች።

አንዷ ሴት ምንም ሳታውቅ "ሁለት ዓመት ሆናት" አለቻት።

እህቴ አየችኝ። ከዚያ በካልሲዋ ወጥታ ሄደች።

ታች ፓርኪንጉ ጋ፣ ከመኪናዬ ፊት ያለው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ድምፄን ለማን ነበር የምታሰሚው?"

"ለማንም።"

"ታዲያ ማን ነው ያለቀሰው?"

"እኔ" አልኩ። "ሥራ ቦታ፣ በእረፍት ሰዓቴ እየከፈትኩ እሰማው ነበር።"

ከዚያ በኋላ ወጉን ላስረዳት አልሞከርኩም። ወጉ ለአንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ለአንድ ወር ሰበብ ይሆነኛል። የቀረው የኔ ነው። እሷ የምትፈልገው እናቷን ነበር። እናትሽ የለችም ካልኳት ለኔ ብላ ትደውላለች? ብዬ ፈርቻለሁ። እናቴን አሥራ ምናምን ዓመት ለብቻዬ ይዤ ኖሬ፣ ከሞተች በኋላ ደግሞ ልጇ የላከችላትን ፍቅር ተቀብዬ በላሁባት። ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት።

"እኔ እኮ ለሁለታችሁም ነበር የምደውለው" አለችኝ።

ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ የምመርጠው ሰው እንዲህ ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ አልገፋችኝም፣ ግን አልተጠጋችኝም። ቲኬቷን ቀይራ የዚያኑ ዕለት ሄደች። ኤርፖርት የሸኘኋት እኔ ነኝ።

እሁድ እሁድ አሁንም ትደውላለች። ሁልጊዜ በቪዲዮ ነው። ደህና ነሽ ወይ፣ እንዴት ከረምሽ የሚባል ነገር የለም።

"የሞተ ሰው አለ?" ትለኛለች።

"የለም" እላታለሁ።

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ፊቴን ትመረምራለች። እኔም ዓይኔን ሳልሰብር፣ አይታ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።