የአራት ሰው አግዳሚ

ከጭሮ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ሚኒባሱ ሞልቷል፤ እኔና ሻንጣዬ ደጅ ቆመናል። ረዳቱ «ጠጋ በሉ! የአንድ ሰው ቦታ አለ!» ብሎ ጮኸ። ለሦስት ሰው በተሠራ መቀመጫ አምስተኛ ሆኜ ገባሁ። ከሂርና የመጡ አንዲት እናት የድንች ከረጢታቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉና «ዕቃ አይደለም፣ ምግብ ነው፤ ቻለው» አሉኝ። እህቴ ሜሮን በመስኮቱ እጄን ያዘች።

«ጋሼ፣ አባባ የለም። ሳገባ ለሙሽራው የምታስረክበኝ አንተ ነህ። ቃል ግባልኝ!»

ገባሁላት።

እንግሊዝ አገር የሆስፒታል ወንበር የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ዲዛይነር ሆኜ ተቀጠርኩ። ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ ሥራዬን ሳልለቅ በትርፍ ሰዓቴ በዲዛይን ዶክትሬት ጀመርኩ። ፕሮፌሽናል ዶክትሬት ይሉታል፤ ጥናቱ ከዕለት ሥራህ ነው የሚነሣው። ቀን ወንበር እሠራለሁ፣ ማታ ስለ ወንበር አነባለሁ፣ ቅዳሜ ስለ ወንበር እጽፋለሁ። እኔ ግን መች ተቀምጬ ዐውቃለሁ! እየተንጎራደድኩ ነው የማነበው። አከራዬ አንድ ቀን ከታች ወጡና «ቤቴን የተከራየኸው ልትኖርበት ነው ወይስ ልትሮጥበት?» አሉኝ። ይቅርታ ብዬ ሻይ ብጋብዛቸው፣ «ቀድመህ ቀጠሮ መያዝ ነበረብህ» አሉኝ። ወይ ጉድ! ጭሮ እኮ ጎረቤት ሳይጠራ ገብቶ፣ ስኳሩ አነሰ ብሎ ይቆጣል። እዚህ ዝናቡ እንኳ ሰው እንዳይረብሽ ድምፁን ቀንሶ ነው የሚዘንበው።

ለጥናቴ የሠራሁት የሕመምተኞች መጠበቂያ አግዳሚ ነበር። ፋብሪካችን በየሰዉ መሃል የብረት ክንድ ማሳረፊያ ያስገባል፤ እኔ ብረቱን አወጣሁት። ለአራት ሰው የተሠራው፣ ሰው ሲበዛ ጠጋ ጠጋ ተብሎ ስድስት ይይዛል ብዬ ነው። አንድ ሆስፒታል ለሙከራ ተቀበለን። ጥግ ቆሜ አየሁ። አንድ ሽማግሌ መጡና መሃሉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አልተቀመጠም! እግሯ በጄሶ የታሰረች ሴት ሳትቀር ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። «ጠጋ ይበሉላት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ያሉት ለካ ለእኔ ኖሯል።

የጥናት አማካሪዬ ግን በደስታ ልትበር ደረሰች። «ግሩም ውድቀት ነው! ይህንኑ ለገምጋሚዎች አቅርብ» አለችኝ። የግምገማው ቀን ሲወጣ ከሜሮን ሠርግ ሳምንት ላይ ዐረፈ። ያልቀረበ ትምህርቱን አይቀጥልም። ቀኑ እንዲራዘምልኝ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሮጥኩ።

«ሠርጉ የእርስዎ ነው?» አለኝ ሠራተኛው።

«የእህቴ። አባታችን ስለሞተ የማስረክባት እኔ ነኝ።»

«አባትዎ የሞቱት በቅርቡ ነው?»

«ኧረ ቆይቷል።»

«ያሳዝናል» አለ፣ ከልቡ። «በቅርቡ ቢሆን ኖሮ እናራዝምልዎ ነበር።»

ለሜሮን ደወልኩ። «ሁለት ጊዜ አዛወርኩልህ እኮ ጋሼ። ከእንግዲህ የእሱ ቤተሰቦች ምን ይሉኛል?» አለች በቀስታ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ሳመነታ ሠርጉንም ትምህርቱንም አጥቼ ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳልሆን ፈራሁና ከሠርጉ ቀረሁ። ግምገማውን አለፍኩ። ደስ ሊለኝ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ።

የሠርጉ ዕለት አግዳሚዬ ወደ ፋብሪካ ተመልሷል። እሱ ላይ ተቀምጬ ለእማዬ ደወልኩ። ከኋላዋ መዝሙሩ፣ እልልታው፣ የአማርኛና የኦሮምኛው ጫጫታ ተደባልቆ ይሰማኛል።

«ማን አስረከባት?»

«አጎትህ። አልቅሳ አስለቀሰችን።»

«እማዬ፣ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ የእኔን ቦታ ክፍት አደረጋችሁልኝ?»

«ውይ ልጄ፣ ሰው ቆሞ? ከመቻራ የመጡት ዘመዶቻችን ተቀመጡበት። አንተ ብቻ ና፤ ስትመጣ ጠጋ እንልልሃለን። መቼ ነው የምትመጣው?»

ቅዳሜ ስለሆነ ፋብሪካው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ሳላውቀው ለሦስት ሰው ቦታ ለቅቄ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተጠግቻለሁ።