የድንች ጓዳው በር

አክስቴን በልሳን ሲጸልዩ መጀመሪያ የሰማኋቸው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እሳቸው ቤት ባደርኩ ማግስት፣ ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ከቀርከሃው አጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቶች እንዳይሰሙ ፈራሁ።

«እትዬ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ? ሰው ይስቅብናል» አልኳቸው።

«ምን እንደምል እኔም አላውቀው፤ እነሱ በምን ያውቁብኛል?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ድንች ከሚቀመጥበት ጓዳ ገብተው፣ በሩን ዘግተው ይጸልዩ ጀመር። ጓዳው ብርድ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ይውጡ አላልኳቸውም።

ባለፈው እሑድ ቀበርናቸው።

ሰኞ በዚያው ሰዓት ነቃሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጓዳ ገብቼ ጉልበታቸው ባሳሳው ጆንያ ላይ ተንበረከክኩ። ልሳን የለኝም። በሩን ሳልዘጋ፣ በማውቀው አማርኛ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጸለይኩ።