ከልብ በላይ ያሉት ሦስት ቅርንጫፎች

ታላቅ ወንድሜ ድሮ ፍየል ብቻውን አርዶ፣ ብቻውን ሰቅሎ ይገፍ ነበር። የዚያን ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ግን ካረደ በኋላ ትንፋሽ አጠረውና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ስገፍ ያዝ፣ ሳብ፣ እዚህ ጋ ቁረጥ እያለ ይመራኝ ጀመር።

ጤና ጣቢያ የልቡ በር በደንብ አይዘጋም ብለውት፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚሄድበትን ወረቀት ጽፈውለት ነበር። ወረቀቱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ገብሱ ይወቃና እሄዳለሁ ይላል።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የባዮሎጂ መምህራችን ልብንና ትልልቅ የደም ሥሮቹን ነጭ የስንዴ ማዳበሪያ ላይ ስለን እንድንመጣ አዞናል። ስለዚህ ወንድሜ የፍየሉን ልብ ከነሥሮቹ አወጣልኝ። እናታችን የሚበላ ነገር መጫወቻ ሆነ ብላ ተቆጣች። ወንድሜ አልሰማትም፤ በገብስ አገዳ ወፍራሙን ሥር ነፋልኝ። ነጭ ነው፤ ተቆርጦ እንኳ አፉን አይገጥምም። ከልብ ወጥቶ እንደ ከዘራ እጀታ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከእጥፋቱ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል። እንዳየሁት በከሰል ሳልኩ።

ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ሦስት ተማሪዎች የምንካፈለው ነው። የሰው ቅርንጫፍ ሦስት ነው። አንደኛው ወደ ቀኝ ሄዶ ለእጅና ለአንገት ይከፈላል። ሁለተኛው ወደ ግራ አንገት፣ ሦስተኛው ወደ ግራ እጅ ይሄዳል። ተሳስቻለሁ አልኩት ወንድሜን።

«ከፍየል የምንለየው በሁለት ቧንቧ ነው በለኛ» አለና ሸሚዙን ፈታ። «እስኪ እኔ ላይ ፈልጋቸው።»

ከፍርምባው በላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ቆዳው ከፍ ዝቅ ይላል። አንገቱ ላይም ግራና ቀኝ ይዘላል። ለካ ዓመቱን ሁሉ አይቼው ኖሯል፤ ስለከሳ ነው ብዬ። ጣቴን ሳሳርፍ መልሶ ገፋኝ። ቧንቧ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ነገር ይመስለኝ ነበር። ይሄ... እንዴት ልበል፣ ይሠራል። ሳይጠሩት፣ ሳያዩት፣ እሱ ሲያወራም ሲስቅም ይሠራል። ወደ ግራ እጁ የሚሄደው አልገኝ አለኝ። ጣቴን ይዞ ከደረት ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት ኋላ ጠለቅ አደረገው። እዚያም አለ።

«አያ፣ ገብሱን እኔ እወቃዋለሁ። ነገ እንሂድ» አልኩት።

«መጀመሪያ ሥዕልህን አርመህ አሳየኝ» አለ። «ከዚያ እንሄዳለን።»

እሺ አልኩ። ግን ቀለም መበጥበጡ ታከተኝ። ነገ ይደርሳል ብዬ ማዳበሪያውን ጠቀለልኩ።

ሊነጋ ሲል ሞተ። በዚያው ቀን ቀበርነው።

በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ ደራሹ ድንኳን ውስጥ እያለ፣ ወንድሜ ክፍል ገብቼ ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። አንዷን የፍየል ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ፈተግኳት። ጥላዋ ቀረ። በላይዋ ሦስቱን በቀይ ቀለም ሳልኩ። ሦስተኛው የት ድረስ እንደሚሄድ ግራ ገባኝና ጣቴን እሱ ባሳየኝ ቦታ፣ ከራሴ አጥንት ኋላ ከተትኩ። ይመታል። እስከዚያ ድረስ ሳልኩት።

እናታችን በሩ ላይ ቆማ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ።

«አሳየኝ ብሎኝ ነበር» አልኳት።

ቀለሙ እንዲደርቅ ሥዕሉን አልጋው ላይ ዘርግቼው ወጣሁ።