ጽናት የሠራችው የለቅሶ ገጽ

ጽናት ቀለሙ ዛሬ ደሴ ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር ድረ ገጽ ትሠራለች። ሙያውን የት ተማርሽው ሲሏት "ኮምቦልቻ፣ እትዬ ቡዜ ግቢ" ትላለች። ግቢ ስትል ዩኒቨርሲቲ የሚመስለው አይጠፋም። እሷ ግን የተከራየችበትን የጭቃ ቤት ግቢ ማለቷ ነው።

መጋቢት 2012 ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ቄስ ቀለሙ ቦሩ ሜዳ እያረሱም እየቀደሱም ይኖራሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባት ኮምቦልቻ ወርዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች። የተሸመነው ጨርቅ በመብራት ፊት ሲያልፍ እንከኑን እየለየች ምልክት ማድረግ ነበር ሥራዋ። ኮሮና ሲገባ ግማሹ ሠራተኛ እቤቱ እንዲቆይ ተነገረው። ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ብትሄድ፣ ከከተማ ከተማ የሚሄድ መኪና በሙሉ ቆሟል። ተመለሰች።

ሁለት ሳምንት ሥራ ፈትታ ግቢው ውስጥ ስትንጎራደድ፣ የአከራይዋ የእትዬ ቡዜ ባል ጋሼ መሕሙድ ታዘቧት። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። አንድ ቀን ጅዳ ያለችው ልጃቸው ረሂማ ትታው ከሄደችው ዕቃ መሀል ላፕቶፕ ይዘው ወጡ።

"እንቺ። አቧራ ከሚጠጣ አንድ ነገር ሥሪበት።"

"ባበላሸውስ፣ ጋሼ?"

"ወላሂ ከዚህ በላይ አይበላሽም። አብሽሪ!"

እውነታቸውን ነበር። ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ውስጡ ግን ረሂማ ኮሌጅ ሳለች የተጠቀመችበት፣ ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተቀምጧል። ጽናት ከቤት የመብራት ገመድ ስባ ግቢው ውስጥ ካለችው የዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ ያልገባትን ቃል በስልኳ መዝገበ ቃላት እየፈለገች አንድ ገጽ በሁለት ቀን ታነብ ጀመር። እትዬ ቡዜ ልብስ እያሰጡ "ዓይንሽን ልታጠፊው ነው?" ይሏታል።

መጀመሪያ የሞከረችው የሰፈሯን ስም መጻፍ ነበር። "ቦሩ ሜዳ" ብላ ጽፋ ብትከፍተው የጥያቄ ምልክትና የማይነበብ ጭረት ሆኖ መጣ። ሰረዘችው፤ ደግማ ጻፈችው፤ ያው። ሦስት ቀን ታገለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ኮምፒውተሩ የትኛውንም ፊደል ማንበብ እንዲችል የምታዝዝ አንዲት አጭር መስመር መዝለሏን ደረሰችበት። ጨመረቻት። ቦሩ ሜዳ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

"ጋሼ! ጋሼ፣ ይምጡ ይዩት!"

ጋሼ መሕሙድ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ውዱእ እያደረጉ ነበር፤ እጃቸው ውኃ እያንጠባጠበ መጡ።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ረሂማም ጅዳ ሆና ታየዋለች?"

"ገና ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳወጣው ታየዋለች።"

"በይ አውጪዋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!"

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር በተሳካላት ቁጥር ትጠራቸዋለች። ቀለም ስትቀይር፣ ፎቶ ስታስገባ እየመጡ ያያሉ። ባይገባቸውም "ማሻአላህ" ሳይሉ አይመለሱም።

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጋሼ መሕሙድ ጠዋት ልባቸውን ይዘው እንደተቀመጡ አረፉ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበርና ጥቂት ጎረቤት ቀበራቸው። ድንኳን አልተጣለም። ከማንም ለቅሶ ቀርተው የማያውቁት እትዬ ቡዜ ለብቻቸው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ ሰው በር ላይ ቆሞ "አላህ ያጽናዎት" እያለ ይመለሳል። ረሂማ በኢሞ ደውላ ስታለቅስ ድምጿ ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር።

"እማ፣ ለአባዬ ሰው አለቀሰለት? ማን መጣ?"



ጽናት ያን ቀን ላፕቶፑን ከፈተች። ጋሼ መሕሙድ ከመኪናቸው ጎን የቆሙበትን ፎቶ አስገባች፤ ስማቸውንና የኖሩበትን ዘመን ጻፈች፤ ከሥር "ለቅሶ መድረስ ለምትፈልጉ በዚህ ቁጥር በቴሌግራም ጻፉ" አለችና ገጹን ኢንተርኔት ላይ አወጣችው። ሰው የጻፈው በራሱ ገጹ ላይ የሚወጣበትን ዘዴ ገና አልተማረችም። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ እየገለበጠች አስገባች።

የገጹ አድራሻ ከሰው ሰው ተላልፎ ከሐርቡ ጻፉ፤ ከደሴ፣ ከሚሌ፣ ከጅዳ ጻፉ። ይስማው የሚባል ሾፌር "መኪናዬ በረሃ ላይ ቢሰበር ሦስት ቀን አብሮኝ ተቀመጠ። ሲያንኮራፋ ግን ጅብ እንኳ አልቀረበንም" አለ። ጽናት ጮክ ብላ ስታነብላቸው እትዬ ቡዜ እንባቸው እየወረደ ሳቁ።

"እውነቱን ነው! ድገሚልኝ እስቲ።"

በሳምንቱ መቶ አርባ ሰው ጽፎ ነበር። ረሂማ ደወለች። "ጽናት፣ አላየሁሽም፣ አላውቅሽም" አለች። "ግን በአንቺ የአባዬ ለቅሶ ደመቀ።"

ገጹን ካዩት አንዱ ደሳለው የሚባል ደሴ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነበር። "ማን ነው የሠራው?" ብሎ አፈላልጎ ለራሱም አሠራት። መንገድ ሲከፈት ጽናት የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ገባች፤ ፋብሪካው ሲጠራትም አልተመለሰችም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ላፕቶፑም በዚያው ጠፍቶ ቀረ፤ ሰላም ሲሆን ከዜሮ ጀመረች።

"ያን ጊዜ ይናፍቀኛል ለማለት አፍራለሁ" ትላለች። "ሰው እየሞተ፣ እትዬ ቡዜ ባላቸውን አጥተው። ግን ይናፍቀኛል። አሁን ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ነው። አንድ ነገር ሲሠራልኝ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ያኔ እኮ አንድ መስመር በሠራችልኝ ቁጥር ተነስቼ የምጠራው ሰው ነበረኝ።"